የኛ ቦይ የቱ ጋ ነው?

  ከገጠመኝ ትንሽ ነገር ልጀምር።

በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩና ግቢው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሥራ ስፈታ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ጀመርኩ። ሰሌዳው መስታወት አለው፤ መስታወቱ ቁልፍ አለው፤ ወረቀቱን ፀሐይ መቶት ቢጫ ሆኗል። የዓመቱ በጀት ነው። ለደመወዝ ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ለሥራ ማስኬጃ ይህን ያህል፣ ለካፒታል ፕሮጀክት ይህን ያህል። ከጎኔ አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው እንደኔው ያነባሉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀል አድርገው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የኛ ቦይ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ማለታቸው ነው። በሰፈራቸው ተቆፍሮ፣ ግማሹ በድንጋይ ተገንብቶ፣ ግማሹ እንደተቆፈረ ክረምት የገባበት። እኔም አብሬያቸው ፈለግሁ። የለም። ከነዚያ ሚሊዮኖች በአንዱ ውስጥ መኖሩ አይቀርም፤ ግን ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ሟሙቷል።

ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። መረጃ የማግኘት መብት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት የሚሉትን ቃላት በየስብሰባው እንሰማቸዋለን፤ እኛም በሬዲዮ እንደጋግማቸዋለን። ቢሮው በጀቱን ለጥፏል፤ ግልጽ ሆኛለሁ ሊል ይችላል። እኚያ አባት ግን አንብበው የያዙት ነገር የለም። ታዲያ አንድን ባለሥልጣን እውነት ተጠያቂ የሚያደርገው ምን ዓይነት ወረቀት ነው? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር ይዣችሁ ልሂድ፤ ወደ ሕንድ፣ ወደ ራጃስታን።

ራጃስታን ደረቅ አገር ነው። ዝናብ ሲጠፋ መንግሥት ለድሃው የእርዳታ ሥራ ይከፍታል። ሰው ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ በቀን ሂሳብ ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ስም የምናውቀውን የማኅበረሰብ ሥራ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያ አካባቢ የነበረው ቅሬታ አንድ ነበር፤ ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቀን ክፍያ አይደርሰንም። ሠራተኞቹ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስም ሁሌ አንድ ነው፤ «የቆፈራችሁት ልኩን አልሞላም፤ መዝገቡ እንዲህ ይላል።» መዝገቡን እንይ ሲሉ ግን መዝገቡ የመንግሥት ምስጢር ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በ1923 ያወጡት የምስጢር ጥበቃ ሕግ አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላም እንደጸና ነበር። የኩሬ ቁፋሮ ክፍያ ምስጢር! ስለ ጦር ሠራዊት አይደለም የምናወራው፤ ስለ አካፋና ዶማ ነው።

አሩና ሮይ የምትባል ሴት ነበረች። የሕንድ ከፍተኛ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛ ነበረች፤ ያንን ለብዙዎች ሕልም የሆነ ሥራ ትታ እ.ኤ.አ. በ1987 ከሁለት ጓደኞቿ ከኒኪል ዴይና ከሻንካር ሲንግ ጋር ዴቭዱንግሪ በምትባል ትንሽ መንደር በጭቃ ቤት መኖር ጀመረች። በ1990 ከአካባቢው ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ጋር ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ የታገሉት እንደማንኛውም ማኅበር ነበር፤ ሰልፍ ወጡ፣ የረሃብ አድማ መቱ፣ ክፍያ ይስተካከል አሉ። ደጋግመው የተጋጩት ግን ከዚያው ግድግዳ ጋር ነው፤ ከመዝገቡ። ውሎ አድሮ የትግሉ ቁልፍ ገንዘቡ ጋ ሳይሆን ወረቀቱ ጋ እንዳለ ገባቸው።

በታኅሣሥ ወር 1994፣ አሁንም በኤውሮጳውያኑ አቆጣጠር ነው፣ ኮት ኪራና በምትባል መንደር ድንኳን ተከሉ። ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ቅን ወጣት ባለሥልጣን ያስገለበጣቸውን የሂሳብ ወረቀቶች ይዘው፣ እየተነሱ በየተራ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ክስ የለም፣ ስድብ የለም፤ ማንበብ ብቻ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ይህን ያህል ቀን ሠርቷል፣ ይህን ያህል ተከፍሎታል፣ ጣቱን አትሟል።

እስቲ እናንተ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲነበብ አስቡት። «እሱማ ከሞተ ቆየ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይነሳል። «እሷ ተድራ ሌላ አገር ከሄደች ስንት ዓመቷ!» ይላል ሌላው። «እኔ ነኝ የተባልኩት፤ አንድ ቀንም አልሠራሁም፣ አንድ ሳንቲምም አላየሁም» ይላል ሦስተኛው። በእነዚህ የሕዝብ መስሚያ ጉባኤዎች የሞተ ሰው ደመወዝ ሲቀበል ተገኘ። ጣሪያ የሌለው ሕንፃ «ተጠናቋል» ተብሎ ሂሳቡ ተዘግቶ ተገኘ። ኋላ ኋላማ አንዳንድ የመንደር ሹሞች የወሰዱትን ገንዘብ እዚያው ሕዝብ ፊት እስከ መመለስ ደረሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ያንን ዝርዝር ዋና ከተማ የተቀመጠ ኦዲተር ቢያየው ምን ያገኝበታል? ምንም። ድምሩ ልክ ነው፣ ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ። ወረቀት ከወረቀት ጋር ሲነጻጸር ውሸቱ አይታይም። ሟቹን የሚያውቀው ቀብሩ ላይ የቆመ ጎረቤቱ ነው። የጎደለውን ጣሪያ የሚያውቀው በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ እረኛ ነው። መንግሥት መዝገቡን ይዟል፣ ሕዝቡ እውነቱን ይዟል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። መዝገቡ በተቆለፈበት አገር ሌብነት እንዲህ ብልህ መሆን አያስፈልገውም፤ የሟች ስም መጻፍ ይበቃል። እኛስ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለው ሹሙ የበላውን ማን ያየዋል ብለን አይደል?

የጉባኤዎቹ ወሬ ሲሰማ የመንደር ጸሐፊዎቹ ተቆጡ፤ ወረቀት አንሰጥም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። የክፍለ ሀገሩ ዋና ሚኒስትር በ1995 ሕዝቡ የወረቀቶቹን ፎቶ ኮፒ መውሰድ ይችላል ብለው ቃል ገቡ፤ አንድ ዓመት አለፈ፣ ቃሉ ቃል ሆኖ ቀረ። በሚያዝያ 1996 ሠራተኞቹ ቤአዋር ወደምትባል ከተማ ገብተው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። 40 ቀን ተቀመጡ። የከተማው አትክልት ሻጮች አትክልት ሰጧቸው፣ ነጋዴው ገንዘብ አዋጣ፤ ከዴልሂ ጋዜጠኞች መጡ። መፈክራቸው አጭር ነበር፤ «ገንዘባችን፣ ሂሳባችን»። እነዚህ የቀን ሠራተኞች መረጃ ምን ያደርግላችኋል ተብለው ሲጠየቁ፣ ከትምህርት ብዙ ያልገፋች አንዲት ሴት የሰጠችው መልስ እስከ ዛሬ ይነገራል። ልጄን በ10 ሩፒ ዕቃ ግዛ ብዬ ገበያ ስልከው ሲመለስ ሂሳብ እጠይቀዋለሁ፤ መንግሥት በስሜ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያወጣ ሂሳቡን ብጠይቅ ምኑ ይገርማል፣ የሚል ሐሳብ ነው። ስለ መረጃ ነፃነት ምሁራን ከጻፉት ሁሉ እኔ የምመርጠው የዚህችን እናት ቃል ነው።

ራጃስታን የመረጃ ነፃነት ሕጉን በ2000 አወጣ፤ መላው ሕንድ ደግሞ በ2005። ብሔራዊው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ማመልከቻው 10 ሩፒ ያስከፍላል፤ ከድህነት ወለል በታች ያለ ሰው ምንም አይከፍልም። ለምን ፈለግኸው ተብሎ አይጠየቅም። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ይናገራል፣ ሠራተኛው ይጽፍለታል። መልስ በ30 ቀን፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት ከሆነ በ48 ሰዓት። ከዚህ ሁሉ ግን የሕጉ ጥርስ የምለው አንድ አንቀጽ አለ። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየው ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ቀን 250 ሩፒ፣ እስከ 25 ሺህ ሩፒ ድረስ፣ ከራሱ ኪስ ይቀጣል። ከመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ከራሱ! ባለጉዳይ ለማመላለስ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው።

በዴልሂ የታየውን ደግሞ ስሙ። የእህል ራሽን ካርድ ለማውጣት ወራት የተመላለሱ ድሆች ጉቦ ከመስጠት ይልቅ በመረጃ ሕጉ አንድ ጥያቄ መጻፍ ጀመሩ፤ ማመልከቻዬ ከገባችበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ የማን ጠረጴዛ ላይ ነበረች? እሱስ ምን አደረገባት? ስሙና ማዕረጉ ይገለጽልኝ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ካርዱ ይመጣ ነበር። ለምን ቢባል፣ «ቢሮው አዘገየ» ከሚለው ጭጋግ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሊወጣ ነውና።

ሁሉም ነገር ያማረ ነው ለማለት አይደለም። መረጃ በመጠየቃቸው የተደበደቡና የተገደሉ ሰዎች በሕንድ አሉ፤ የመሬትና የማዕድን ጉዳይ የነኩት በተለይ። በ2019 ደግሞ ፓርላማው ሕጉን አሻሽሎ በዚህ ሕግ የሚመጡ አቤቱታዎችን የሚዳኙትን የመረጃ ኮሚሽነሮች የሥራ ዘመንና ደመወዝ የመወሰኑን ሥልጣን ለማዕከላዊው መንግሥት ሰጠ። ዳኛውን ተከሳሹ ይቅጠረው እንደማለት ነው ብለው የተቃወሙ ብዙ ናቸው። ጥርስ ያለው ሕግ ጥርሱን ለማውለቅ የሚሞክር አያጣም።

ከሕንድ ወጥተን ወደ አህጉራችን፣ ወደ ኡጋንዳ እንምጣ፤ እዚህ አንቆይም። የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት የሚሰላ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ እኛ አገር መምህራን ስኩል ግራንት የሚሉት ዓይነት። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ያሉትን ዓመታት የሸፈነ ጥናት ሲወጣ፣ ከተላከው 100 ሽልንግ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ከ80 በላይ ሆነ። ሌሎች የአሠራር ለውጦችም ስለነበሩ ጋዜጣው ብቻውን አላመጣውም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የበሩ ላይ ወረቀት ግን የራጃስታኑ ድንኳን ዘመድ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ርእሰ መምህሩ «ገንዘብ አልመጣም» ሲል ወላጁ ጋዜጣውን ማሳየት ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን።

እኛ አገር መንግሥት ለሕዝብ ሲናገር ነጋሪት ያስመታ ነበር። የሰማህ ላልሰማህ አሰማ ይባልና አዋጁ ይነገራል። ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙን ከዚያው ከበሮ ወሰደ፤ ነጋሪት ጋዜጣ። ወደ ላይ የሚሄድ መንገድም ነበረን፤ የተበደለ ሰው «አቤት! አቤት!» ብሎ እስከ ንጉሡ ደጅ ይደርሳል። እንግዲህ አዋጅ ይወርዳል፣ አቤቱታ ይወጣል። መዝገብ ግን አይወርድም። ግብር ከፋዩ የከፈለው ግብር የት እንደዋለ የሚጠይቅበት ልማድ አልነበረንም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ማን ይጠይቃል?

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ወሎ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲከፋ መንግሥት የሚያውቀውን ለሕዝብ አላወጣም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢ ውስጥ ለተማሪዎች አሳዩ። በ1966 ጥቅምት አካባቢ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጨምሮበት። ሕዝቡ አለቀሰ። ይኸው ደርግ ግን የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ሲያደምቅ የራሱን ረሃብ ደበቀ። ዓለም ያየው በ1977 ጥቅምት በቢቢሲ ነው። ያ ፊልም በአዲስ አበባ የታየው ባለሥልጣን ስለፈቀደ ነበር፤ ባለሥልጣን ሲከለክል ደግሞ ተመልሶ ጨለመ። የኮት ኪራናዎቹ ወረቀትም መጀመሪያ በአንድ ቅን ሰው ፈቃድ እንደተገኘ አስታውሱ። ለዚህ ነው ነገሩ በሕግ መጻፍ ያለበት።

በሕግ ደግሞ ተጽፎልናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብትን ይሰጣል። ከዚያ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ወጣ። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 በወጣው አዋጅ 1238 ሲተካ፣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን ጸንቶ ቀርቷል። አዋጁ ጥያቄውን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲሆን አድርጓል፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት ይላል። ከተከለከላችሁ አቤቱታችሁ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ሕግ የማስፈጸም አደራ የተጣለው በእሱ ላይ ነው። የማይሰጡ መረጃዎችም አሉ፤ የግለሰብ የግል ጉዳይ፣ የአገር ደኅንነት፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል። ይህ ተገቢ ነው። የጎረቤቴን የሕክምና ካርድ የማየት መብት ይኑረኝ አልልም። የቦይ ግንባታ ውል ግን ከነዚህ ከአንዱም አይመደብም።

የአዋጁን ቁጥር ከማያውቀው ዜጋ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አውቀን የማንጠቀምበት እኛ ነን። ጋዜጠኞች «ምንጮቻችን እንደገለጹልን» ማለት ይቀለናል። ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥር አስወጥቶ፣ 30 ቀን ቆጥሮ መጠበቅ ለዕለቱ ዜና አይመችም። ባለጉዳዩም ሲጠይቅ በስፋት ይጠይቃል፤ «የወረዳው በጀት ይገለጽልን» ይላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ያው በመስታወት ውስጥ ያለው ቢጫ ወረቀት ነው። በወረዳ ደረጃ በጀት መለጠፍ እኛ አገር ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው፤ አልናቅሁትም፤ ማንም የማይለጥፍበትን ዘመን አይቻለሁ። ነገር ግን ሚሊዮኑን ማንም ወጥቶ ሊቆጥረው አይችልም።

ስለዚህ ያን ዕለት እዚያው ቢሮ በር ላይ፣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ፣ እኔና እኚያ አባት አንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «በሰፈራችን በዚህ ዓመት የተጀመረው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የግንባታ ውል ቅጂ፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ርዝመትና ስፋት፤ እስካሁን የተከፈለው ገንዘብና የተከፈለበት ቀን፤ ሥራው ተሠርቷል ብሎ የፈረመው መሐንዲስ ስም።» ቀኑን ጻፍን። ሁለት አደረግነው፤ አንዱን አስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማኅተም አስደረጉ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንብባ ቀና ብላ አየቻቸው፤ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?» አለቻቸው። በክፋት አይደለም፤ ተገርማ ነው።

አባባ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «ቦዩን በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ» አሏት። «ድንጋይ የገባበት 180 ነው። የናንተ ወረቀት ስንት እንደሚል ልየው ብዬ ነው።»